ለእህቴ ያነበብሁላት ደብዳቤ

እህቴ ያንን ፊልም «ካርቱን» የሚል ሰው አትወድም። አንድ ቀን የቤት አከራያችን «እናንተ ልጆች፣ በዚህ ዕድሜያችሁ ካርቱን?» ብለው ቢስቁብን፣ ቆማ ሩብ ሰዓት አስረዳቻቸው። ጃፓኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ የተሣለ ነው፤ ስምንት ቅጽ ካለው ልብወለድ የተወሰደ ነው፤ በአገራቸው ሽማግሌ ሳይቀር ያየዋል። አከራያችን ንፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ የደንበኛ ወሬ መስማት የለመዱ ስለሆኑ እስክትጨርስ ታገሷት። ከዚያ «ይሁን፤ ግን ዓይናቸው ለምንድን ነው እንዲህ የተለቀው?» አሉ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ይህን ያስቀደምሁት ሳቅ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ እንደነበረ እንዲታወቅልኝ ነው።

እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ። ተማሪዎቼም ባልደረቦቼም ይፈሩኛል፤ ቁጡ ሰው ውሸት አያውቅም ብለውም ያምናሉ። ለምን እንዲህ እንደሚያስቡ አይገባኝም። እህቴ በአሥራ ሦስት ዓመት ታንሰኛለች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ከታች ጋይንት፣ ከእናታችን ቤት አምጥቼ ከእኔ ጋር እንድትኖር አደረግሁ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እናታችን ከአርብ ገበያ ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ከታላቅ ወንድሟ አጠገብ፣ መሬቷን እያሳረሰች ትኖር ነበር። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ትግባ የሚለው የሁላችንም ሐሳብ ነው፤ አጥብቄ የያዝሁት ግን እኔ ነኝ። ሌላ የያዝሁት ነገር አልነበረኝም።

ፊልሙን መናኸሪያው አጠገብ ፊልምና ዘፈን ከሚጭን ሱቅ በፍላሽ አስጭና አመጣችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ብሔራዊ ፈተናው በዚያው ክረምት ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆነው ፊልም በዚህ አካሄድ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ወሰደን፤ መብራት የጠፋባቸው ቅዳሜዎችም ነበሩ። ንግግሩ ጃፓንኛ ነው፤ ከሥሩ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። እህቴ ማንበብ ትችላለች፤ እኔው ነኝ ያስተማርኋት። ግን ጽሑፉን ስከተል ሥዕሉ ያመልጠኛል ስለምትል፣ እኔ እያነበብሁ በአማርኛ እነግራታለሁ። የልጅቱንም፣ የመምህሯንም፣ የበሬውንም ድምፅ የማወጣው እኔ ነኝ። በሬው ይናገራል።

ታሪኩ ከደመና በላይ ባለ አምባ ላይ ስለሚኖሩ ገበሬዎች ነው። ነጭ በሬ ጠምደው ደመናውን ያርሱታል፤ ከትልሙ የወጣው ውሃ ለቆላው ሰው ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ከአራሾቹ የአንዷ ልጅ፣ ነፋስን በስሙ መጥራት የሚማሩበት ሌላ ተራራ ላይ ለትምህርት ትሄዳለች። ደንቡ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ወደ ቤት መመለስን አይፈቅድም። እናቷ ብቻዋን እያረሰች ትቀራለች።

እናታችን ግንቦት ላይ ልትጠይቀን መጥታ አንዱን ቅዳሜ አብራን አይታለች። መጀመሪያ በእርሻው ተናደደች። «ቀንበሩስ ይሁን፤ ሞፈሩ የታለ? ማረሻው በምን ተያይዞ ነው የሚጎተተው?» ምናብ ነው አልናት። «ምናብም ቢሆን በሬ ያለ ሞፈር አይስብም» አለች። ልጅቱ ከአምባው ስትወርድ ግን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «ሰባት ዓመት ሙሉ? ይህ እንዴት ያለ ትምህርት ነው?» ብላ ጠየቀች። እህቴም «ትመለሳለች እማዬ፤ መጽሐፉ ስምንት ነው፤ ፊልሙ ገና የመጀመሪያውን ነው» አለቻት።

ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አጎቴ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደወሉልኝ። «እናትሽን ትንሽ አሟታልና ብቅ በይ። ትንሿን ተያት፤ ትማር» አሉ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ራቅ ብሎ ላለ ዘመዱ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ መርዶው የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ቄስ ባሉበት፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። ሰው ብቻውን ሰምቶ፣ ብቻውን ደንግጦ እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ አጎቴ «ትንሽ» ሲሉ ገባኝ። ለእህቴ ደብረ ታቦር ሥልጠና አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ፣ ምናልባት እውነትም አሟት ይሆናል እያልሁ ራሴን ስዋሽ ነው የሄድሁት። ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃ ተያያዝሁት። ቤታችን ከመታየቱ በፊት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ቆመው ሲጠብቁኝ አየሁ። ሆዷን ይዟት አራት ቀን ተኝታ ነው ያለፈችው። በማግስቱ ቀበርናት።

ከቀብር መልስ አጎቴ፣ የንስሐ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ጓሮ ቆመው መከሩ። እኔንም ጠሩኝ። «ፈተናዋ ዐሥር ቀን ነው የቀረው። አሁን ብትሰማ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ። ተፈትና ስትመለስ እኛው መጥተን እንነግራታለን» አሉ አጎቴ። የንስሐ አባታችን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ፊትሽን እንዳትነጪ። ጸጉርሽንም እንዳትላጪ። ልጅቱ ታይብሻለች።» ቀድሞውንም ሴቶቹ ሁለት እጄን ይዘውኝ ነበር። ሠልስቷን ሳላወጣ እንድመለስ ተወሰነ።

እሺ አልሁ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። እናትሽ ሞተች ብዬ የምነግራት እኔ አለመሆኔ ቀለለኝ፤ ፈተናው መትረፉም ደስ አለኝ። እናቴን ቀብሬ የተመለስሁ ዕለት ስለ ፈተና ደስ ሊለኝ የሚችል ሰው መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ንፋስ መውጫ ስደርስ በቀጥታ ወደ አከራያችን ሱቅ ገብቼ ነገርኋቸው። የሱቁን አንድ መዝጊያ ገርበብ አድርገው በጣሳ ውሃ ሰጡኝና ፊቴን ታጠብሁ። ጥቁሩን ልብሴን አጣጥፈው ከመደርደሪያው ሥር ሸሸጉት፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ አከናነቡኝ። «ድምፅሽ ተዘግቷል፤ ምን ልትያት ነው?» አሉኝ። «ጉንፋን» አልሁ። «እኔ እናቴን የቀበርሁ ጊዜ ሦስት ቀን ከመሬት አልተነሣሁም፤ አንቺ ይህን እንዴት ትችይዋለሽ?» አሉ። ቤት ገብቼ ሽሮ ሠራሁ።

እህቴ መጠየቅ ጀመረች። «እማዬ ለምን አልደወለችም?» ኔትወርክ የለም እላታለሁ፤ ስለዚያ አካባቢ ሲነገር ሁልጊዜ የሚታመን መልስ ነው። «አጎቴ ዘንድ ልሞክር?» ስትል «አርፈሽ አጥኚ» ብዬ እቆጣለሁ። ቁጣዬ እንደዚያ ሰሞን ጠቅሞኝ አያውቅም። ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ያንኑ ጥያቄ ስታነሣብኝ «ነይ፣ ፊልሙን እንጨርሰው» አልኋት። ቆማ አየችኝ። ፈተና ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ባልሆነ ቀን፣ ፊልም እንይ የምለው እኔ ነኝ። «አእምሮሽ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አልሁና ላፕቶፑን ከፈትሁ።

ካቆምንበት ቀጠልን። ልጅቱ ተራራው ጫፍ ላይ ነፋሶቹን እየጠራች ሳለ ከአምባው መልእክተኛ ደረሰ። የያዘው ደብዳቤ ስክሪኑን ሞላው፤ ከሥሩ እንግሊዝኛው ወጣ። እናትሽ ሞታለች፣ በላይኛው ትልም ዳር ቀብረናታል ይላል። አየሁት። አፌ ግን «እናትሽን ትንሽ አሟታል፤ አይዞሽ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ነይ» ብሎ አነበበ። አስቤበት አልነበረም። ያደግሁበት ነገር ነው ከአፌ የወጣው፤ ሰው በድንገት ሞት አይነገረውም፣ የተሣለ ሰውም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አስቤበት ነው የቀጠልሁት። ልጅቱ ቀዩን መቀነቷን ፈታ ነጭ ገመድ ስትታጠቅ፣ ስለት ተስላ ነው አልሁ። በሬዎቹ ከቀንበር ሲፈቱ ሰንበት ስለሆነ ነው አልሁ። መምህሯ እናትሽ ያለ አንቺ ተቀበረች፣ ይህ የደንባችን በደል ነው ሲላት፣ እኔ «እናትሽ ትድናለች፤ ደንቡን አክብሪ» ብዬ አነበብሁ። በመጨረሻ ልጅቱ ደንቡን ጥሳ በነፋስ ተጭና አምባው ላይ ወረደች፤ ከአንድ የድንጋይ ቁልል ፊት ተንበረከከች። መቃብር ነው፤ ለማንም ሰው የሚታይ መቃብር ነው። እህቴ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። «ጸበል ነው፤ ለእናቷ ልትወስድላት ነው» አልሁ። ድንጋዩን ትንሽ አየችና ስክሪኑ ላይ ላለችው ልጅ «እግዜር ይማርልሽ» አለቻት።

ፊልሙ እዚያው አለቀ። እህቴ ተነሥታ የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ ተቀመጠች። እኔ በራሴ ብልጠት ተገርሜ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራቴን ጨርሼ በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እናታችን አልጠየቀችም። ፈተናው ያዛት ብዬ አመሰገንሁ።

ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት። ብርድ ልብስ ይይዛሉ፤ ስልክ አይፈቀድም። አውቶቡሶቹ በቆሙበት ሜዳ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን እያቀፉ፣ አንዳንዶቹ በፌስታል በሶ እያስያዙ ይሸኛሉ። እህቴ ስልኳን ሰጥታኝ ሳመችኝ፤ ከዚያ እንደገና ተመልሳ ሳመችኝ። «እታለም፣ ብዪ እሺ» አለችኝ። ለምን ስለ ምግብ እንዳነሣች አላሰብሁበትም፤ አውቶቡሱ ሲርቅ ሰው ሳያየኝ ማልቀሻ ጊዜ በማግኘቴ ብቻ ተጣድፌ ወደ ቤት ሄድሁ።

በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ አጎቴና የንስሐ አባታችን ከሁለት ዘመዶች ጋር በራችንን አንኳኩ። አከራያችን ቀድመው ገብተው ከኋላዋ ቆሙ፤ ስትወድቅ ለመያዝ። እህቴ ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ እናትሽን የምንችለውን ሁሉ አድርገንላት ነበር፤ ግን እግዚአብሔር ወሰዳት» አሉ። ሁላችንም ጩኸቱን ጠበቅን። «እሺ» አለች። አጎቴ ያልሰማች መስሏቸው ደገሙት። «ሰምቻለሁ አጎቴ፤ ተቀመጡ» አለች። አከራያችን የዘረጉትን እጅ መልሰው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ መጀመሪያ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

ያንኑ ቀን ወደ እናታችን ቤት ወሰድናት። ሴቶቹ ለእሷ ብለው ልቅሶውን እንደ አዲስ አነሡት፤ መሐል አቆሟት። እጇን አጣምራ መሬት መሬት ታያለች። አንዲት የአባቴ ዘመድ ትከሻዋን እየነቀነቀች «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ብትላት እንኳ ዓይኗ አልረጠበም። ማምሻውን ጓሮ ውኃ ስቀዳ «ትምህርት አድርቋታል» ሲባል ሰማሁ። ሌላዋ «ለወለደቻት እናት አንዲት ዘለላ እንባ?» አለች። እንስራዬን አንሥቼ በአጠገባቸው አለፍሁ።

ንፋስ መውጫ ተመልሰን ግቢው ውስጥ ልብስ ስናጥብ ጠየቅኋት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ፊልሙ ላይ። ጽሑፉን አነበብሁት እኮ እታለም። አንቺ ደግሞ በአዘቦት ቀን ፊልም እንይ አልሽኝ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ያን ዕለት እራትሽን ጨረስሽ። ማወቄን ካወቅሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው።»

«የት አለቀስሽ ታዲያ?»

«የት ይለቀሳል? እዚህ አንቺ አለሽ። እዚያ በአንድ ክፍል ሃያ ልጅ ነው የምንተኛው። ከፈተና በኋላ፣ ከፈተና በኋላ እያልሁ ቆየሁ። መርዶው ሲመጣ ደግሞ እንባው እንቢ አለ።»

ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። «ሳሙናውን አታባክኚ» ብዬ ተቆጣኋት።

ውጤቱ ሲመጣ ጥሩ ነጥብ አምጥታ አለፈች፤ ሩቅ ደቡብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። አጎቴ ደስታቸውን አልቻሉትም። «ያን ጊዜ ጨክነን ዝም ባንል ኖሮ የት ይገኝ ነበር?» ይላሉ፤ ልጅ የሚያስፈትን ቤት ሐዘን ሲደርስበትም ይህንኑ ይመክራሉ። ለእህቴ ግን የወጣላት ስም ወጣላት። ለእናቷ ያላለቀሰች ልጅ ናት። እዚያ አገር እንዲህ የተባለች ሴት በሰው ሐዘን ላይ ስትቆም እንኳ ትታያለች፣ ይታዘቧታል። አንድ ጊዜ ብናገር ይበቃ ነበር፤ ታውቅ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ብቻዋን ተሸክማው ነው ብል ይበቃ ነበር። ያን ካልሁ ግን ከማን አወቀች ይባላል። የሽማግሌ ቃል ያፈረሰችው እኔ ልሆን ነው። ፈራሁ። የሚፈሩኝ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ይስቁብኝ ነበር።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር፣ ከዩኒቨርሲቲው ደወለችልኝ። የልብወለዱን የመጀመሪያ ቅጽ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አግኝታ በስልኳ እያነበበች ነው። ድምፅዋ ሞቅ ያለ ነበር። «ደብዳቤው መጽሐፉ ላይ አጭር አይደለም፤ አራት ገጽ ነው» አለችኝ። የልጅቱ እናት ስትሞት ማን እንዳጠባት፣ ማን ዓይኗን እንደከደነላት፣ በሬዎቹ በዚያ ቀን ምን እንዳደረጉ፣ የመጨረሻ ቃሏ ምን እንደነበረ፣ ሁሉም ተጽፏል። ፊልም ሠሪዎቹ ቆርጠው አንድ መስመር አደረጉት። «ልጅቱ ትምህርቷን ሁሉ ትታ እሱን ደብዳቤ ነው ደጋግማ የምታነበው» አለች። ቀጠለችና «እኔ እኮ እግዚአብሔር ወሰዳት ከሚለው በቀር የሰማሁት የለም። እማዬን ማን አጠባት?» አለችኝ።

ያጠቧትን ሁለት ሴቶች ነገርኋት። በራሷ አዲስ ቀሚስ እንደተገነዘች፣ ዝናቡ ቀብሩ ላይ እንዳባራ፣ መቃብሯ ከአባታችን አጠገብ እንደሆነ ነገርኋት።

«ምን አለች?»

«ምንም። ተኝታ ነው ያለፈችው።»

በለሰለሰ ድምፅ «እታለም፣ ጽሑፉ ምን ይላል?» አለችኝ።

አጎቴ ማክሰኞ ደወሉልኝ ብዬ ከላይ የጻፍሁት ሁለተኛውን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የደወሉት እሑድ ነበር። ያን ቀን «ትንሽ» አላሉም፤ ጠንቶባታል፣ ትንሿን ጥሩልኝ ትላለች ነው ያሉት። ፈተና ደርሷል፣ ይለፍላት፣ እሷም ደህና ትሆናለች አልኋቸው። እኔም አልሄድሁም፤ እኔ ከሄድሁ እህቴ ትጠረጥራለች ብዬ። ሰኞ ዕለት እናታችን ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ «መጣች?» ስትል ዋለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች «መንገድ ላይ ናት» ይሏታል። ማክሰኞ ጠዋትም አንድ ጊዜ ጠይቃለች።

ይህን ሁሉ እንዳለ ነገርኋት። ስጨርስ ከወዲያ በኩል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። እየቆየ ሲሄድ አወቅሁት፤ ከሆዷ የሚወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመው የጠበቁኝ ሴቶች ያሰሙት ዓይነት ጩኸት ነው። «አጠገብሽ ማን አለ? ትከሻሽን የሚይዝልሽ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። ማንም የለም አለችኝ።